«ለቃለ መጠይቁ ምን ልመልስ?»

ውድ እህቴ፣ በደረጃ 4 ነርሲንግ ተመርቀሽ፣ ሲኦሲውንም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፈሽ፣ እዚሁ ጅማ ስትሮክ የመታቸውን እናት ቤታቸው እየሄድሽ ለመንከባከብ ማመልከትሽን ጽፈሽልኛል። ጠያቂዎቹ «ሰውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ ምንድን ነው?» ሲሉሽ «ለታማሚው መራራት» ብለሻል፤ መልሱ አላረካቸውም። ለሁለተኛው ዙር ምን ልበል ነው ጥያቄሽ።

መራራት ባልከፋ፣ ግን አይበቃም። ሰውን ማዕከል ማድረግ ማለት ታማሚው የሚችለውን ራሱ እንዲያደርግ፣ የሚፈልገውንም ራሱ እንዲመርጥ መርዳት ነው። እንዲያውም አብዝቶ የሚራራ አስታማሚ ነው እጃቸው የሚሠራላቸውን ሰው የሚያጎርሰው።

ልብስ ስታለብሺያቸው አስቢ። የደከመው እጅ ቀድሞ እንደሚገባ፣ ሲወልቅ ደግሞ ጤነኛው ቀድሞ እንደሚወጣ ተምረሻል። ቀጥሎ ቁልፉ አለ። አንቺ ብትቆልፊው አፍታ ነው፤ እሳቸው በደህናው እጃቸው ሲሞክሩ ይንቀራፈፋል። ጠብቂያቸው። የትኛውን ቀሚስ እንደሚሹም ጠይቂ፤ ልጃቸውን ሳይሆን እሳቸውን። እኛ አገር ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የምትቀጥርሽም የምትከፍልሽም ልጅየው ናት፤ እናትየው እዚያው ተቀምጠው «እማዬ ይሄን አትወድም» ብላ የምትመልስላቸውም እሷው ናት። ስሚያትና ዞር ብለሽ «እርስዎስ እማማ?» በይ። ንግግር ከተያዘባቸው ሁለት ቀሚስ አንስተሽ አሳዪያቸው። አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ከሆነና ቋንቋው ካስቸገረሽ ቢያንስ የዕለት ቃላቱን ያዢ፤ «አመመኝ»ን በሰው ቋንቋ ማለት ለማንም ይከብዳል።

ቡናውስ? ግፊት አለባቸው እንበል፣ የለመዱት ግን ቡና በጨው ነው። ጨዉን ደብቆ «አልቋል» ማለት ይቀላል፤ አታድርጊው። ምክንያቱን አስረጂያቸው፣ በጤና አዳም ቢሆንላቸው ጠይቂ፣ እምቢ ካሉም ለሚከታተላቸው ሐኪም ንገሪ። ይህችን ምሳሌ ለቃለ መጠይቁ ያዢያት፤ ከትርጉም ሽምደዳ ትሻላለች።

የዚህን እንክብካቤ ታሪክ ከጠየቁሽ (አይመስለኝም)፣ አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ በሥነ ልቦና ምክር የጀመረውን አስተሳሰብ እንግሊዛዊው ቶም ኪትውድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን እንክብካቤ አውሎታል።

አንቺም ጠያቂዎቹን ጠይቂያቸው። እናትየው ከአልጋ ሲነሡ የሚያግዝሽ ሰው አለ ወይ? ቤቱ ራቅ ብሎ ጅሬን ከሆነ የባጃጁ ሒሳብ በማን ነው? ከመፈራረምሽ በፊት ደግሞ ቤታቸው ሄደሽ ከእናትየው ጋር መተዋወቅ እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው፤ እሳቸውም ማን ሊገላብጣቸው እንደሚመጣ አይተው እሺ ወይም እምቢ ይበሉ።