በጥቂት ድንጋይ የሚሠራ የሪፍ አኳሪየም፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ጋሽ ኮራል፦ ስለ ሪፍ አኳሪየም፣ ማለት በባሕር ውሃ ኮራልና ዓሣ ስለሚኖርበት ታንክ ጠይቁ። ግን የታንኩን መጠን በሊትር፣ ሳምፕ (ከታንኩ ሥር የሚቀመጥ የማጣሪያ ገንዳ) ይኑረው አይኑረው፣ ያላችሁበትንም ከተማ ሳትጽፉ አትጠይቁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ለሁለቱ አንድ መልስ የለም።

ባሶና፦ ጋሼ፣ 200 ሊትር ታንክ፣ ከሥሩ 50 ሊትር ሳምፕ፣ ደብረ ብርሃን። ስንት ኪሎ ድንጋይ ይበቃኛል?

ጋሽ ኮራል፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። በድሮው ልማድ ለ10 ሊትር 1.2 ኪሎ ይባል ነበር፤ ላንተ 24 ኪሎ ይመጣል። ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይበቃሃል። ነገር ግን ድንጋዩ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እሱ ላይ ነው። 16 ኪሎ ከቀነስክ ሌላ ማደሪያ ልትሰጣቸው ግድ ነው። ሳምፑ ውስጥ 3 ሊትር ያህል ባለ ቀዳዳ ሴራሚክ አድርግ፤ ውሃው በላዩ ሳይሆን በመሃሉ ይለፍ። ከፊቱ ስፖንጅ ካላደረግክ ቀዳዳው በደለል ይደፈናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የታንኩን ወለል ልክ ካርቶን ቁረጥና ድንጋዩን እሱ ላይ በደረቁ ደርድር። አንድ ትልቅ ክምር ከመሃል ወደ አንድ ጎን ሸሸት ይበል፣ ሌላ ትንሽ ክምር በተቃራኒው ጎን ይሁን። ከሁሉም መስታወት 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ መስታወቱን መፋቂያ እጅ አይገባም። ቁመቱ ከውሃው ከግማሽ ብዙ አይለፍ፣ የቀረውን ኮራሉ ራሱ አድጎ ይሞላዋል። ድንጋዩን በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሳውና 6 ሚሊ ሜትር የፋይበርግላስ ወይም የአክሪሊክ ዘንግ አስገባበት። ብረት፣ ሽቦ፣ መዳብ አይገባም፤ መዳብ ሽሪምፑንም ኮራሉንም ይገድላል። መገጣጠሚያውን መጀመሪያ በጄል ሱፐር ግሉ ያዘው፣ ከላዩ በሲሚንቶ ድፈነው። ሲሚንቶው ሲደርቅ በንጹሕ ውሃ እየቀያየርክ ንከረው፤ የመንከሪያው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) መውጣቱን ሳያቆም ታንክ ውስጥ አታስገባው።

ድንጋዩ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይቀመጥ፣ አሸዋው ኋላ ይፍሰስ። አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ጎቢ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ወይም ፒስቶል ሽሪምፕ ከሥሩ ሲቆፍር ይወድቃል፣ ታንኩንም ሊሰነጥቀው ይችላል።

አንኮበር፦ ድንጋይ ማብዛት አይሻልም? ብዙ ድንጋይ ብዙ ባክቴሪያ ነው።

ጋሽ ኮራል፦ ባሕር ዳርቻ ብትኖር አልከራከርህም ነበር። እዚህ ግን ጉዳዩ ኦክስጅን ነው። በባሕር ጠለል፣ በ26 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ በሺህ 35 የሆነ ውሃ በሊትር 6.6 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ ያው ውሃ 4.7 አካባቢ ይይዛል። ያውም እስኪጠግብ ሞልቶ። ሌሊት አምፖሉ ሲጠፋ ኮራሉ፣ አልጌው፣ ዓሣው፣ ባክቴሪያው ሁሉ ከዚያው ላይ ይተነፍሳሉ። የድንጋይ ክምር ደግሞ ውሃ የማይዞርበት ጉድጓድ ይፈጥራል፤ እዚያ የተከማቸ ቆሻሻ ሲበሰብስ ያንኑ ኦክስጅን ይሻማል። ድንጋይ ቀንሱ የምለው ውሃው ከዳር እስከ ዳር እንዲዞር ነው። ለ200 ሊትር የሞገድ ፓምፖቹ ድምር በሰዓት ከ4,000 እስከ 8,000 ሊትር ይሁን፤ አንዱ ወደ ላይ ተቀስሮ የውሃውን ፊት ያናውጥ። ፊቱ ያልተናወጠ ውሃ በቂ አየር አያስገባም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ባክቴሪያህ አብዛኛው ሳምፕ ውስጥ ስለሆነ ውሃውን ከሳምፑ ወደ ታንኩ የሚመልሰው ፓምፕ ሲቆም መጀመሪያ የሚታፈነው እሱ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሁለት መውጫ ያለው ይሁን፤ አንዱ የአየር ድንጋይ (አየሩን ወደ ደቃቅ አረፋ የሚበትነው) ለታንኩ፣ አንዱ ለሳምፑ።

ሳይንት በር፦ አኳሪየሜ ደፈረሰ፣ ምን ይሻላል?

ጋሽ ኮራል፦ ስንት ሊትር?

መርሐቤቴ፦ ከጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ባመጣስ? በነፃ ነው። ጥንት ባሕር የነበረ ነው ይባላል፣ ፒኤችም ያስተካክላል።

ጋሽ ኮራል፦ ባሕር ውስጥ የተፈጠረ ድንጋይ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ጠጣር ነው፤ ቀዳዳው ተደፍኗል። 8 ኪሎው ትንሽ ቦታ ይይዝና ለባክቴሪያ ከላዩ በቀር ማደሪያ አይሰጥም። ጭቃማ ንብርብርም ጂፕሰምም ሊኖርበት ይችላል። ፒኤቹን ደግሞ አያስተካክልም፤ የባሕር ውሃ ፒኤች ከ8 በላይ ስለሆነ ኖራው አይሟሟም።

ጣርማበር፦ ኮምጣጤ ጠብ አድርገህ አረፋ ካወጣ ጥሩ ድንጋይ ነው።

ባሶና፦ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው ማለት እንጂ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የኛ ጥቁር ድንጋይ አረፋ አያወጣም፣ ያም መጥፎ ነው ማለት አይደለም።

ጣርማበር፦ ጥቁሩ ብረት አለበት! ማግኔት አስጠጋበትና እይ።

ባሶና፦ ማግኔት የያዘ ሁሉ ውሃ ውስጥ ይሟሟል ያለህ ማን ነው?

ጋሽ ኮራል፦ ለድንጋይ ክርክር ሌላ ቀን ቅጠሩ። በ7 ኪሎ የሚሠራ ሰው ድንጋዩ እያንዳንዱ ኪሎ ሊሠራለት ይገባል፤ ስለዚህ ቀላልና ባለ ቀዳዳ ይሁን።

አንኮበር፦ ለታንኩ ውሃ የአፍዴራ ጨው ይሆናል?

ጋሽ ኮራል፦ አይሆንም።

ጣርማበር፦ ማግኒዥየምና ካልሲየም ጨምሮበት የሚሠራ ሰው አለ እኮ።

ጋሽ ኮራል፦ ፖታሲየሙን፣ ቢካርቦኔቱን፣ ስትሮንሺየሙንስ? የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ አዮዲንም ተጨምሮበታል። የአኳሪየም የባሕር ጨው በሊትር ከ36 እስከ 38 ግራም፣ በአርኦ (በረቂቅ ማጣሪያ በተጣራ) ውሃ። አልካሊኒቲ (ውሃው ፒኤቹን ይዞ የሚቆይበት አቅም) በዲኬኤች መለኪያ 8 ወይም 9፣ ካልሲየም በሊትር 420፣ ማግኒዥየም 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ። ድንጋይ ሲቀንስ ቁጥሮቹ አይቀየሩም።

ሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ 150 ሊትር፣ ሳምፕ አለው። ውሃው 30 ዲግሪ ደርሷል።

ጋሽ ኮራል፦ ፋን በውሃው ፊት ላይ ንፈሺበት፣ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይወርዳል። የተነነውን በጨው ውሃ ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ተኪ። እኛ ዘንድ ጭንቀቱ ብርዱ ነው፤ አንድ 400 ዋት ሂተር ከማድረግ ሁለት 200 ዋት ይሻላል፣ አንዱ ቢበላሽም ታንኩ አይቀቀልም፣ አይበርድምም።

ዓለም ከተማ፦ 180 ሊትር፣ ሳምፕ አለው፣ 6 ኪሎ ደረቅ ድንጋይ። ቡናማ ንፍጥ የሚመስል ነገር ከነአረፋው አሸዋውን ሸፈነው። ጠርጌው በማግሥቱ ይመለሳል።

ጋሽ ኮራል፦ ናይትሬትና ፎስፌት ስንት ነው?

ዓለም ከተማ፦ ሁለቱም ዜሮ። ጥሩ አይደል?

ጋሽ ኮራል፦ ችግርህ እሱ ራሱ ነው። ዳይኖፍላጀሌት (ዳይኖ የሚሉት በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሕይወት) ይመስላል፤ ማይክሮስኮፕ ካገኘህ አረጋግጥ። ደረቅ ድንጋይ ምንም ሕይወት ይዞ አይገባም፤ ጥቂት ሲሆን ደግሞ ሌላው ሕይወት ሳይሰፍር ሜዳው ባዶ ይሆናል። በዚያ ላይ ምግባቸውን፣ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን፣ ዜሮ ስታደርገው አልጌውና ባክቴሪያው ይደክማሉ፣ ዳይኖው ይገባበታል። የፎስፌት ማጥፊያውን አውጣ። በሊትር ናይትሬቱን ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌቱን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም አድርስና እዚያው አቆየው። ውሃ መቀየሩን ለጊዜው ተወው። ሌሊት ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ዓይነት ከሆነ ዩቪ (ውሃውን በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያጸዳ መሣሪያ) ይረዳል፤ አሸዋ ላይ የሚቀረው ዓይነት ግን ለዩቪ አይበገርም።

ሳይንት በር፦ ዓሣ መቼ ላስገባ?

ጋሽ ኮራል፦ ሊትሩን አልነገርከኝም። ለሁሉም ግን፦ ባዶውን ታንክ አሞኒያ 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊ ግራም) አስገባበት። በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ካልገባ ዓሣ የለም። ድንጋይ በቀነሳችሁ መጠን ይህን ፈተና አትዝለሉ።

ባሶና፦ ታንግ የሚባለውን ዓሣ አንድ ብቻ ባስገባስ?

ጋሽ ኮራል፦ በ200 ሊትር ታንግ የለም። መደበቂያ በቀነሰ ቁጥር ዓሣ ይጣላል። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ በቂ ነው። ራስ የሚባለውን ዓሣ (wrasse) ከፈለግክ አንዳንዱ ዓይነት አሸዋ ውስጥ ስለሚተኛ ደቃቅ አሸዋ 5 ሴንቲ ሜትር አንጥፍለት።

መሐል ሜዳ፦ ስንት ኪሎ ድንጋይ ይበቃል?

ጋሽ ኮራል፦ ከላይ አለ። ሊትር! ሳምፕ! ከተማ!

መሐል ሜዳ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ 120 ሊትር፣ ሳምፕ የለውም፣ መሐል ሜዳ።

ጋሽ ኮራል፦ እንግዲያው እንደነሱ አትቀንስ። 8 ወይም 9 ኪሎ አድርግ፤ ታንኩ ጫፍ ላይ በሚንጠለጠለው ማጣሪያ ውስጥ ደግሞ የሚይዘውን ያህል ሴራሚክ ሙላበት። ሁለት ትናንሽ ዓሣ፣ ከዚያ በላይ የለም። ድንጋዩም መስታወቱ ላይ፣ ከአሸዋው በፊት።