በቁጣ የወጣው ውኃ

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነኝ። ሥራ ሲበላሽ ቶሎ እቆጣለሁ፤ ባለፈው ሳምንትም ሪፖርት ያዘገየችን ሠራተኛ በባልደረቦቿ ፊት ሰድቤያት አለቀሰች። ሪፖርቱ ግን በማግሥቱ ደረሰልኝ። ለሥራ ሲባል መቆጣት ኃጢአት ነውን? ለንስሐ አባቴ መናገሬ ይበቃል ወይስ እርሷንም ይቅርታ ልጠይቅ? ብጠይቅ እንዳልናቅ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ «ሪፖርቱ ግን በማግሥቱ ደረሰልኝ» ያሉት ቃል ቁጣዎን የሚያጸድቅልዎ ስለመሰለዎ መልሴን ከዚያ እጀምራለሁ።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 20 እንደተጻፈው፣ ሕዝቡ በቃዴስ ውኃ አጥቶ ባጉረመረመ ጊዜ እግዚአብሔር ሙሴን ለዓለቱ እንዲናገር አዘዘው፤ እርሱ ግን «እናንተ ዓመፀኞች» ብሎ ሕዝቡን ከዘለፈ በኋላ ዓለቱን በበትሩ ሁለት ጊዜ መታው። ውኃው ወጣ፤ ሕዝቡም ከብቱም ጠጡ። ሙሴ ግን በዚያ ምክንያት ወደ ምድረ ርስት ሳይገባ፣ ከናባው ተራራ ላይ ሆኖ በዓይኑ ብቻ አይቷት ዐረፈ። ውኃው የወጣው እግዚአብሔር ለተጠሙት ስለራራ እንጂ የሙሴ ቁጣ የቀና ስለነበረ አይደለም። የሪፖርቱ መድረስም እንደዚሁ ስድቡን አያጸድቀውም።

የዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ የሙሴ እኅት ማርያም ሞታ በቃዴስ መቀበሯን ይናገራል። መጽሐፉ ቁጣውን ከኀዘኑ ጋር አያያይዘውም፤ እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር፣ በምድር ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት የተባለው ሰው ያን ዕለት ልቡ ምን ያህል ከብዶት እንደነበር አስባለሁ። ስለዚህ ድምፅዎ ከፍ ማለት ሲጀምር፣ የተቆጡት በእውነት በሪፖርቱ መዘግየት ነው ወይስ ጠዋት የበላይ አለቃዎ በተናገሩዎ ቃል፣ በድካም ወይም በፍርሃት እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። ዛሬ የአመራር ትምህርት ስሜትን ማስተዋል የሚለው ነገር አባቶቻችን ራስን መመርመር ሲሉን ከኖሩት የራቀ አይደለም። መልሱን እስኪያገኙ ድረስ ከክፍሉ ወጥተው አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለው ይድገሙ፤ ነገሩን ግን ለሳምንት አያሳድሩት፤ ሐዋርያው «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ብሏልና።

ቁጣ ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን በሰንበት ቢፈውስ ሊከሱት የሚጠባበቁትን ሰዎች የልብ ድንዳኔ አይቶ በቁጣ ተመለከታቸው፤ አዘነም፤ ወዲያውም እጁ የሰለለውን ሰው ፈወሰው። ቁጣው የተጎዳውን አዳነ፤ የእርስዎ ግን ሠራተኛዎን አስለቀሰ፤ ልዩነቱ በዚህ ይታያል። ጥፋት ሲኖር መውቀስ ግዴታዎ ነው፤ ጌታ ያስተማረው ግን «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ» ብሎ ነው።

ለንስሐ አባትዎ መናገርዎ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ብታስብ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ የሚለውን ትእዛዝ አይተካም። እናቃለሁ ብለው ለሰጉት የሰሎሞንን ልጅ ንጉሥ ሮብዓምን ያስቡ፤ ሽማግሌዎቹ በለዘበ ቃል እንዲመልስ ቢመክሩት እንቢ ብሎ ሕዝቡን በጊንጥ እገርፋችኋለሁ አለ፤ ዐሥሩ ነገድ ከመንግሥቱ የተለየውም በዚህ መልሱ ነው። ሠራተኛዎ የተዋረደችው በሰዎች ፊት ስለሆነ፣ ይቅርታውንም ስድቡን የሰሙት ሁሉ ባሉበት ይጠይቋት፤ ስለ ሪፖርቱ መዘግየት ግን በሌላ ቀን ለብቻዋ ያነጋግሯት፤ ምን እንዳዘገያትም አስቀድመው ይስሟት።