ሚኒሶታ ውስጥ ውጭ ለሚሠራ ሰው

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ኤርፖርት ሻንጣ የመጫን ሥራ አግኝቼ ብርዱን እንዴት ልቻለው ብለሃል። እኔም እዚሁ ሚኒያፖሊስ ያንኑ ሥራ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት የገባ ዕለት፣ ፖስታ ቤቱ እንኳ ደብዳቤ ማደል ሲያቆም፣ እኛ ሥራ ላይ ነበርን።

ሁሉም ሰው ወፍራም ጃኬት ግዛ ይልሃል። ግዛ፣ ግን የሚጎዳህ ላብህ ነው። ሻንጣ ስትጭን ያልብሃል። ከዚያ ቀጣዩን አውሮፕላን ቆመህ ትጠብቃለህ፤ ያኔ እርጥቡ ልብስ ሙቀትህን ይመጠዋል። ስለዚህ ሥራ ስትጀምር ትንሽ ብርድ ብርድ ይበልህ። ስትጭን ዚፕህን ክፈት፣ ስትቆም ዝጋ። ሰውነትህን የሚነካው ልብስ ጥጥ አይሁን፤ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ተርማል ይሻላል። ጂንስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቦርሳህ ውስጥ ትርፍ ካልሲና ጓንት ይኑር፣ ዕረፍት ላይ ቀይር።

ጫማ ሰፋ ያለ ግዛ። ሁለት ካልሲ ደርበህ እግርህን ካስጨነቅከው ደሙ በደንብ አይዘዋወርም፣ ጭራሽ ይብስብሃል። ለእጅህ ስስ ጓንት አድርግና፣ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበትን ወፍራም ጓንት ከላይ ደርብበት።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ሥልጠና ላይ ውርጭ የመታው ቆዳ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይነጣል ይሉሃል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም አይታይም፤ አመድማ ወይም ግራጫ ሊመስል ይችላል። የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ጥናቶች ደግሞ ጥቁር ወታደሮች በብርድ የበለጠ እንደሚጎዱ አሳይተዋል። ስለዚህ ስሜትህን ተከተል። ጣትህ ሲያምህ ቆይቶ ድንገት ሕመሙ ከጠፋ ለመድኩት እንዳትል። ደንዝዟል ማለት ነው፤ ቶሎ ግባ። አለቃህ ፊቱን ቢያጠቁርም ግባ።

ስልክህ ላይ ዲግሪውን ብቻ አትይ፣ ነፋሱንም የሚያስበውን ቁጥር (wind chill ወይም feels like የሚለውን) እይ። እሱ ከዜሮ በታች 19 ፋራናይት ሲደርስ የተጋለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል።

የደነዘዘ ጣት አይታሽም፤ በበረዶ ማሸትማ ጭራሽ። ሂተር ላይም አትደግነው፣ ስለማይሰማህ ትቃጠላለህ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ግን ተመልሰህ ብርድ ውስጥ የማትገባ ከሆነ ብቻ። ቆዳው ከጠነከረ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው። ባልደረባህ እየተንቀጠቀጠ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ከተደናቀፈ ወደ ሙቀት አስገባውና 911 ደውል።

ቫዝሊን መቀባት ድርቀት ይከላከላል፣ ውርጭ ግን አያስቆምም። አልኮልም ያሞቀ ይመስላል እንጂ ሙቀትህን ያስወጣል። የገና ጾም ከያዝክ ባዶ ሆድህን ሜዳ ላይ አትቁም፤ ሰውነት የሚሞቀው በምግብ ነው። ስለ ሰዓቱ የንስሐ አባትህን አማክርና ዘይት የጠጣ ሽሮ ብላ።

መኪና ስትገዛ ደግሞ ይህን ያዝ፦ በረዶ ውስጥ ከተቀረቀርክ ወርደህ በእግርህ አትሂድ። ጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዳ፣ አለበለዚያ ጋዙ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገድላል። በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ሞተሩን አስነሳ፣ መስኮትም ትንሽ ክፈት። ከአገር ያመጣኸውን ጋቢ ለሥራ አትልበሰው፣ ጥጥ ነው። መኪና ውስጥ አስቀምጠው።