አናፖሊስ፣ ኮሎራዶ ወይስ ኮስት ጋርድ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። 11ኛ ክፍል ነኝ። ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል፣ የአየር ኃይልና የኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) አካዳሚዎች ሦስቱም ያጓጉኛል። አባዬ «ነጻ እስከሆነ ድረስ የትኛውም ይሁን» ይላል። እማዬ ስለ ወታደርነት መስማትም አትፈልግም። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአባትሽ ልጀምር። እውነት ነው፣ ለትምህርት፣ ለምግብና ለመኝታ አትከፍዪም። እንዲያውም በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ይሰጥሻል። ሂሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው። ስትመረቂ መኮንን ሆነሽ ቢያንስ 5 ዓመት ታገለግያለሽ። የአየር ኃይል አብራሪ ከሆንሽማ የበረራ ሥልጠናሽን ከጨረስሽ በኋላ 10 ዓመት ነው። ስለዚህ ግቢዎቹን ማወዳደሩን ተዪውና ከምረቃ በኋላ በየቀኑ የምትሠሪውን ሥራ አወዳድሪ። ኢንጂነሪንጉን እንደሆነ ሦስቱም ጋ ታገኚዋለሽ። የባሕር ኃይሉ አካዳሚ፣ አናፖሊስ፣ ታሪክ ያጠናውን ተማሪ እንኳን የሚያስመርቀው በሳይንስ ዲግሪ ነው።

የአናፖሊስ ምሩቅ መርከብ ላይ፣ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ወይም አውሮፕላን ላይ ይመደባል። ማሪን ኮርፕስ (ከባሕር ኃይሉ ጋር የሚሠራ ተዋጊ ጦር) የሚገባም አለ። ወራት ከቤት መራቅ የሥራው አካል ነው። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ አየር ኃይሉ አካዳሚ፣ የገባ ሁሉ ደግሞ አይበርም። ኢንጂነር፣ የመረጃ መኮንን ወይም የስፔስ ፎርስ (የኅዋ ጦር) ባልደረባ የሚሆነው ብዙ ነው። «ካልበረርኩ ይቆጨኛል» የምትዪ ከሆነ ይህን ደግመሽ አስቢበት።

ኮስት ጋርድን የእኛ ሰው ብዙም አያውቀውም። አካዳሚው ኒው ለንደን፣ ኮነቲከት ነው። ከሦስቱ ትንሹ እሱ ነው፤ በዓመት የሚቀበለው 300 ገደማ ተማሪ ነው። የሚገኘውም በመከላከያ ሳይሆን በአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ሥራው ባሕር ላይ አደጋ የደረሰበትን ማዳን፣ አደንዛዥ ዕፅ የጫነ ጀልባ መያዝ፣ የነዳጅ መፍሰስን መቆጣጠር ነው። የመርከብ ንድፍ ኢንጂነሪንግም ያስተምራል። እኔን ብትጠይቂኝ፣ ለአንቺም ለእናትሽም የሚስማማው ይሄ ይመስለኛል። ለመጠባበቂያ ብቻ ብለሽ ግን አታመልክቺ፤ ያስታውቃል።

እናትሽን በክርክር አታሸንፊያትም። አገር ቤት ስለ ውትድርና ያየችውና የሰማችው አለ። በሥራ ቀን መታወቂያ ያዙና አናፖሊስ ውሰጃት፤ ከቤታችሁ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። አየሩ ጥሩ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ተማሪዎቹ ለምሳ ሲሰለፉ ታያለች። ከመካከላቸው የአንቺ እኩያ ሴት ልጆች መኖራቸውን በዓይኗ ትይ። ሦስተኛ ዓመት ትምህርት ከመጀመርሽ በፊት ብትተዪ የአገልግሎት ዕዳ እንደሌለብሽም ንገሪያት። ከዚያ በኋላ ግን «ይቅርብኝ» ማለት ገንዘብ ሊያስከፍል ወይም በተራ ወታደርነት ሊያስገባ ይችላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ግሪን ካርድ አይበቃም፣ ዜግነት የግድ ነው። 18 ዓመት ሳይሞላሽ፣ ግሪን ካርድ ይዘሽ ከወላጆችሽ ጋር ስትኖሪ አንዳቸው ዜግነት ከወሰዱ፣ አንቺም በሕግ ወዲያው ዜጋ ሆነሻል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ፓስፖርትሽን ካላወጣሽ ዛሬውኑ ጀምሪ።

ለባሕር ኃይልና ለአየር ኃይል የኮንግረስ ዕጩነት ያስፈልግሻል፤ ማለትም አንድ የኮንግረስ አባል ለአካዳሚው ዕጩ አድርጎ ሊያቀርብሽ ይገባል። ለወረዳሽ ተወካይና ለሁለቱ የሜሪላንድ ሴናተሮች ለየብቻ ታመለክቻለሽ። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ ቅጽና የራሱ ቀነ ገደብ አለው። አብዛኛው የሚዘጋው 12ኛ ክፍል ስትገቢ፣ መኸር ላይ ነው። ቢሮዎቹ ጋ ራስሽ ደውዪ፣ አባትሽ አይደውሉልሽ። ኮስት ጋርድ ዕጩነት አይጠይቅም፣ በቀጥታ ታመለክቻለሽ። የጤና ምርመራውንም አትናቂ። ከ13 ዓመትሽ በኋላ አስም ታክመሽ ከሆነ ሊጥልሽ ይችላል፤ ቢሆንም የልዩ ፈቃድ መንገድ ስላለ አትደብቂ።

ሦስቱም 11ኛ ክፍልን ለጨረሱ የአንድ ሳምንት የበጋ ፕሮግራም አላቸው። የሁለቱን እንኳን ሞክሪ። እዚያ የሚያድር ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀውን እኔ በጽሑፍ ልነግርሽ አልችልም። ዋና ካልቻልሽ ግን ከሁሉም በፊት ገንዳ ፈልጊ። አናፖሊስ ለመመረቅ ከ10 ሜትር ማማ ላይ ውኃ ውስጥ መዝለል አለብሽ።