ሲኩዌንስ ዲያግራም ከየት ይጀመራል?

«ኢንተርቪው ላይ ሲኩዌንስ ዲያግራም ሳል ቢሉኝ ከየት ልጀምር?» ላልከው፤

ወንድሜ፣ ሲኩዌንስ ዲያግራም ማለት የአንድ ሥርዓት ተሳታፊዎች በምን ቅደም ተከተል መልዕክት እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ ስዕል ነው። ስትጀምር አንድ ጉዳይ ብቻ ያዝ። ለምሳሌ ከኤቲኤም 500 ብር ማውጣት። ደንበኛውን፣ ኤቲኤሙንና የባንኩን ሰርቨር ከላይ በአግድም ደርድር። ከየስማቸው ስር የተቆራረጠ መስመር ወደ ታች አውርድ። ጊዜ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ነው። ጥያቄ ባልተቆራረጠ ቀስት፣ መልስ በተቆራረጠ ቀስት ይሳላል።

ይሄ ቀላሉ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው «ሂሳቡ ባይበቃስ?» የሚለውን ነው። ለእሱ «አልት» (አማራጭ ማለት ነው) የሚባለውን ሳጥን ሳልና ለሁለት ክፈለው። ከላይ «ይበቃል»፣ ከታች «አይበቃም» በል። እኔ ጠያቂ ብሆን መጀመሪያ የማየው ይቺን ሳጥን ነው። ኤቲኤሙ ብር ከመስጠቱ በፊት የሰርቨሩ ፈቃድ መምጣቱንም አሳይ። ደግሞ ዝም ብለህ አትሳል፤ እያንዳንዱን ቀስት ስትስል ለምን እንደሆነ ጮክ ብለህ ተናገር።