ሲኤ 125 ከፍ ስላለ ብቻ ካንሰር ነው አይባልም

እህቴ፣ የ31 ዓመት ታናሽሽ በወር አበባ ሰሞን ሆዷን እያመማት ላብራቶሪ ገብታ “የካንሰር ጥቅል ምርመራ” አሠርታ ሲኤ 125 (በደም የሚለካ ፕሮቲን) ውጤቷ 68 ሆነ፣ ሌሎቹ ኖርማል ናቸው፤ “የኦቫሪ (የዕንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ነው ወይ?” ብለሻል።

በዚህ ቁጥር ብቻ ካንሰር ነው ሊል የሚችል ሐኪም የለም። መደበኛው ጣሪያ 35 ነው፤ ግን ሲኤ 125 ከዕጢ ብቻ አይመጣም። የሆድ ዕቃንና ማህፀንን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲቆጣም ወደ ደም ይገባል። ወር አበባ፣ እርግዝና፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ)፣ የማህፀን ቱቦ ኢንፌክሽን፣ የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት መጠባሰስ) ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። ሕመሟ ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ ከሆነ እኔ አስቀድሜ የማስበው ኢንዶሜትሪዮሲስን ነው።

በአገራችን የሆድ ቲቢም አይዘንጋ። ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ሌሊት ያልባል፣ ሲኤ 125 ብዙ መቶ ይደርሳል። በአልትራሳውንድም ከተሠራጨ የኦቫሪ ካንሰር ጋር ይመሳሰላል። የሚለየው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ቲቢ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ስለሆነ ቁጥር ታይቶ ብቻ ኬሞ አይጀመርም።

የውጤት ኖርማል መሆንም ዋስትና አይሁናችሁ። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ካለ የኦቫሪ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ሲኤ 125ን ከፍ አያደርግም። ለቆሽት ካንሰር የሚታየውን ሲኤ 19-9ን ደግሞ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በተፈጥሯቸው አያመነጩም፤ የቆሽት ካንሰር ቢይዛቸውም ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ይቀራል። የሐሞት ጠጠር ቱቦ ሲዘጋ ግን ያለ ካንሰር ያሻቅባል።

አሁን የማህፀን ሐኪም ጋ ውሰጃት። ደም የሰጠችበትንና የመጨረሻ ወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን ጽፋ ትሂድ። የእርግዝና ምርመራና በብልት በኩል የሚሠራ አልትራሳውንድ ያስፈልጋታል፤ ድንግል ከሆነች ፊኛዋ ሞልቶ በሆድ በኩል ይታያል። ሐኪሙ ምርመራው ይደገም ካለ ወር አበባዋ ካለቀ በኋላ፣ በዚያው ላብራቶሪ ይሁን፤ ማሽን ሲለያይ ቁጥሩም ስለሚለያይ ማወዳደር አይቻልም።

እነዚህ ምርመራዎች የሚጠቅሙት አልትራሳውንድ ላይ እብጠት ሲገኝ ወይም በሽታው ታውቆ ሕክምናውን ለመከታተል ነው። ሄፓታይተስ ቢ ኖሮት ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ግን ኤኤፍፒ (ለጉበት ካንሰር የሚታይ የደም ምርመራ) ከአልትራሳውንድ ጋር በየ6 ወሩ ይታዘዛል።

ሆዷ እየተነፋ ከሄደ፣ ትንሽ ቀምሳ ከጠገበች፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ካላት፣ ይህም ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሲኤ 125 ወደ 20 ቢወርድ እንኳ ሐኪም ይያት።