አይሆንም ያሉት ሽማግሌ

ሰሞኑን አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ «ጋሼ፣ የጠጣር ነዳጅ ሮኬት እኮ ቀላል ነው፤ ፓምፕ የለው፣ ቫልቭ የለው። ምን ያስፈራል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው።

በወጣትነቴ አሜሪካ ውስጥ በምርምር ሮኬቶች ላይ እሠራ ነበር። ምህዋር አይገቡም። መሣሪያ ይዘው ሽቅብ ይወጡና ከደቂቃዎች በኋላ ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ሞተሮች ከሚሳይል የተረፉ ናቸው። ናይኪ የአየር መቃወሚያ ነበር፣ ቴሪየር ደግሞ የባሕር ኃይል። ለጦርነት የተሠራ ነገር ሰማይ ሲያጠና ማየት ዛሬም ደስ ይለኛል።

አንድ የበረዶ ወራት አላስካ ውስጥ አውሮራ (በዋልታዎች አካባቢ የሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ብርሃን) የሚያጠና መሣሪያ ልናስወነጭፍ ተዘጋጀን። የሠራችው የዶክትሬት ተማሪ ናት። ሽቦውን ሁሉ የበየደችው በገዛ እጇ ነው። የሞተሩ የኤክስሬይ ፊልም ላይ ግን ፀጉር የምታህል መስመር ታየች። ግማሹ «ጥላ ናት» አለ። አንድ ሽማግሌ ቴክኒሻን ፊልሙን መብራት ላይ ዘርግተው መስመሯን በጥፍራቸው ተከተሏት። ነዳጁ ውስጥ የዘለቀች ትመስላለች። «አይሆንም» አሉ። በቃ።

ጠጣር ነዳጅ የሚነደው በገጹ ነው። ስንጥቅ ካለ እሳቱ እዚያም ይገባል፣ የሚነደው ገጽ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይንራል፣ ቀፎው ሊፈነዳ ይችላል። የፈሳሽ ነዳጁን ሞተር ቫልቭ ዘግተህ ታቆመዋለህ። ይሄን ከለኮስከው በኋላ ግን መመለሻ የለም።

ሌላ ሞተር እስኪመጣ ጨረቃ ወጣች። ካሜራዎቹ የሚፈልጉት ጨለማ ጠፋ፣ ወቅቱም አለፈ። ልጅቷ መሣሪያዋን ስፖንጅ በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ መልሳ ከተተች። ቆይቶ ምርምሩን እንደተወችው ሰማሁ። ሞተሩም ተወገደ። መስመሯ ስንጥቅ ትሁን ጥላ፣ ማንም ከፍቶ አላየም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሽማግሌው ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ግን ማረጋገጫ ሳያገኙ ጡረታ ወጡ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 የወደቀችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀርም ችግሯ የጠጣር ነዳጅ ሞተሯ ላይ ነበር። ብርዱ መገጣጠሚያውን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት አደነደነው። መሐንዲሶች በዋዜማው ምሽት «በዚህ ብርድ አይሆንም» ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። በተነሣች በ73 ሰከንድ ተበታተነች፤ 7 ሰዎች አለቁ። የእነዚያ መሐንዲሶች ልክነት እንዲህ ሆኖ ተረጋገጠ።

ቤት ውስጥ ነዳጅ አትቀምሙ የሚለውን አልደግመውም፣ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ቪዲዮ አይታችሁ ነገውኑ መለኮስ ያምራችኋል። ግን ደግሞ እኛ አለቃ ፊት አፋችን ይተሳሰር ነበር፣ እናንተ ፊት ለፊት ትጠይቃላችሁ። እሱን አትተዉት። የተጠረጠረ ሞተር ሲገጥማችሁ «ከመወገዱ በፊት በባለሙያ ተከፍቶ ይታይ» በሉ። በጀት የለም ከተባላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ውጤቱ ስንጥቅ ሆነም ጥላ፣ አይሆንም ካለው ሰው ስም ጋር መዝግቡት። በረራው ለቀረበት ተማሪም ግልባጩን ስጡት።